የእትዬ አልታየሽ እልልታ

እትዬ አልታየሽ የሴንት ኦዲል ሰው ሆነው ማደራቸውን ሄራን ያወቀችው አውቶቡስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ ቺፕስ ስትበላ ነው። እሳቸው ራሳቸው ገና አልሰሙም። በዚያ ሰዓት ለንደን ዳር፣ ኤድመንተን፣ መጋዘን ውስጥ፣ የሰው ጫማ በካርቶን እያሸጉ ነበር፤ ሴንት ኦዲል የምትባል ደሴት መኖሯንም የነገራቸው ሰው የለም።

ስልኩ ላይ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ከኋላቸው ዘንባባ ቆሟል። አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልበስ አድርገው እልልታውን ያቀልጡታል። ከቪዲዮው ሥር በትልልቁ ተጽፏል፦ «ሰሜን ድምፁን ሰጥቷል። ሰሜን ደስ ብሎታል።»

ሄራን ቺፕሷን ሳታኝክ ዋጠች።

«ዛኔል፣ ይሄን አየሽው?»

ዛኔል አጠገቧ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ውጭ ያለው የስቶክዌል ዝናብ ነው፤ ጤነኛ ሰው ያን ያህል ጊዜ ትኩር ብሎ አያየውም።

«ምኑን?»

«የእናቴን ጓደኛ፣ እትዬ አልታየሽን። የብሩክታዊት ሰርግ እኮ ነው። እኔ የቀረፅኩት።»

«አይመስለኝም» አለች ዛኔል ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል። «ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ይመሳሰላል።»

«ስልኩን መቼ አየሽና?»

ዛኔል ዞራ አየች። አሁን ደግሞ ከሚገባው በላይ አየች። «እሺ፣ ትንሽ ይመስላል። ኢንተርኔት ላይ የማይገኝ ነገር የለም፤ ማንም ከየትም ያነሳዋል።»

«ኢንተርኔት ላይ አላወጣሁትም። የላክሁት ለአንቺ ብቻ ነው።»

«እኔ ለማንም አልሰጠሁም። አቦ፣ አታካብጂ።»

ከዚያም ዛኔል ከቤቷ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወረደች። ጃንጥላ አልያዘችም። ሄራን ከላይ ሆና፣ ጓደኛዋ ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ በዝናብ ስትሮጥ እያየች፣ ውሸት አንዳንዴ ጉንፋንም ያስይዛል ብላ አሰበች።

ሴንት ኦዲል የዛኔል ወላጆች አገር ናት። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ስትሆን፣ የስልክ ካርታ ላይ በሁለት ጣት ካላሰፏት አገር ትሁን የስክሪን ቆሻሻ አይለይም። ሰሞኑን ብሔራዊ ምርጫ አድርጋለች። የገዢው ፓርቲ ቀለም ነጭ ነው። ገዢው ፓርቲ አሸነፍኩ አለ፤ ተቃዋሚዎቹ የሰሜኑ ድምፅ አልተቆጠረም አሉ። እውነትም አልተቆጠረም። የሰሜኑን ሳጥኖች የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሸ ተባለ፤ ተጠግኖ ዋናው ከተማ ሲደርስ አሸናፊው ንግግር አድርጎ፣ ኬክ ቆርሶ፣ እጁን ታጥቦ ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑም «ዘግይተው የደረሱት ሳጥኖች ውጤቱን አይለውጡም» ብሎ መግለጫ ሰጠ። ሳይከፍታቸው እንዴት እንዳወቀ የጠየቀው ጋዜጠኛ ጥያቄው ለሌላ ቀን ተላለፈለት።

የሰሜን ሰዎች ሳጥኖቻችን ይከፈቱ ብለው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቁጭ አሉ። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በቴሌቪዥን ቀርበው ሰሜን ምንም ቅሬታ የለውም፣ እንዲያውም በየመንደሩ እየጨፈረ ነው አሉ። የሚጨፍረው መንደር የቱ ነው ሲባል፣ እትዬ አልታየሽ ወጡ።

የሰርጉ ዕለት ለንደን እንደ ልማዷ ዘንባ ነበር። የሀበሻ ሰርግ ደግሞ መናፈሻ ሄዶ ፎቶ ካልተነሳ ጋብቻው የጸና አይመስለውም። ሙሽራዋ ብሩክታዊት የእትዬ አልታየሽ የእህት ልጅ ናት፤ ዝናቡ አላቆም ሲል እትዬ አልታየሽ ሚዜውንም፣ ዘመዱንም፣ ካሜራውንም እየነዱ መናፈሻው ውስጥ ካለው የመስታወት ቤት አስገቧቸው። የሙቅ አገር ዛፍ የሚበቅልበት ቤት ነው፤ ዘንባባ አለ፣ ሙዝ አለ፣ በሥራቸው የማሞቂያ ቱቦ ያልፋል፣ ግንዳቸው አጠገብ ደግሞ «እባክዎ እጽዋቱን አይንኩ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ሙሽራዋ ዘንባባው ሥር ስትቆም ሴቶቹ እልል አሉ። አበባ ሊያዩ የመጡ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌና ባለቤታቸው በጓሮ በር ወጡ።

ሄራን ያን ጊዜ ከሙዙ ኋላ ተደብቃ ቀረፀች። ቪዲዮው ላይ የራሷም ድምፅ አለ። እየሳቀች እንዲህ ትላለች፦ «ኧረ እነዚህን ሴትዮዎች እዪልኝ። ከአራዊት ማቆያ ያመለጡ እኮ ነው የሚመስሉት። እኔ አላውቃቸውም፣ እሺ? ከነሱ ጋር አልመጣሁም።» ከዚያ እትዬ አልታየሽ ወደ ካሜራው ዞረው እጃቸውን ያውለበልቡላታል።

የደሴቲቱ ሰዎች ያወጡት ቪዲዮ ላይ ሰሌዳው የለም። ቱቦው የለም። ሙሽራዋም የለችም። የሄራን ሳቅም ተቆርጧል። የቀረው ዘንባባ፣ ነጭ ልብስና እልልታ ብቻ ነው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ወንድይራድ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሌላ አገር ምርጫ ላይ ይቆጣል። የትኛው አገር እንደሆነ ሄራን አልጠየቀችም፤ ለእሱ ልዩነት የለውም። ወንድይራድ በዓለም ላይ ያሉ ምርጫዎችን ሁሉ ይከታተላል፣ በሁሉም ይናደዳል። ከቀድሞ ወዳጁ ከአቶ ተክለአብ ጋር በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ተኳርፈው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ያኔ ሁለቱም ለንደን ነበሩ፤ ሁለቱም አልመረጡም። የሰፈራቸው ምርጫ ጣቢያ ደግሞ ከበራቸው ማዶ ነው። አባቷ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም፤ «ሰልፉ ማን ይችለዋል» ይላል። ሰልፍ ኖሮ አያውቅም።

«አባዬ፣ አንድ ሰው ምርጫ ላይ እንደዋሸ የምታውቀው አንተ ብቻ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«የትኛው አገር?»

«ለምሳሌ ካሪቢያን።»

ወንድይራድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። ይህን የሚያደርገው ሊያስተምር ሲፈልግ ብቻ ነው። «ስሚኝ ሄሩ። በሰው አገር ምርጫ እጅ አይገባም። ይሄ የኔ መርህ ነው።» ድምፁን መልሶ ከፍ አደረገና ማያ ገጹ ላይ ያለውን ሰውዬ «ሌባ» አለው።

እናቷ አበባ ከወጥ ቤት መጥታ ስልኩን ተቀበለቻት፤ ቪዲዮውን ሁለቴ አየችው። «ውይ፣ አልታየሽን እንዴት አምሮባታል» አለች። «ይሄ የካሜራ ነው ወይስ ከስታለች? ቆይ ለሴቶቹ ግሩፕ ልላክላቸው።»

«እማዬ፣ ምን ተብሎ እንደተጻፈበት አንብቢው እስቲ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም» አለች እናቷ፤ ላከችውም።

ቅዳሜ ዛኔል ለምሳ ጠራቻት። ጥሪው የዛኔል እንዳልሆነ ሄራን በሩ ሲከፈት ገባት፤ የከፈቱላት የዛኔል አባት ሚስተር ፕሮስፐር ናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሶፋው ላይም ገና ከላስቲኩ ያልወጣ ነጭ ቲሸርት ተከምሯል። ሚስተር ፕሮስፐር የገዢው ፓርቲ የለንደን ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ናቸው። የቅርንጫፉ አባላት እሳቸው፣ ባለቤታቸውና ስብሰባው ምግብ ካለው የሚመጣ አንድ የአጎታቸው ልጅ ናቸው። አሁን ደግሞ ኤምባሲ ውስጥ ትልቅ ወንበር ተስፋ ተሰጥቷቸዋል፤ አቀማመጣቸውም ካሁኑ ተለውጧል።

«ሄራን፣ አስተዋይ ልጅ እንደሆንሽ ዛኔል ነግራኛለች።»

«አመሰግናለሁ።»

«ለወርክ ኤክስፒሪያንስ ቦታ አገኘሽ?»

ትምህርት ቤቱ በዚህ ተርም የሄራንን ክፍል ልጆች ለአንድ ሳምንት ሥራ ቦታ ይልካል። ለሄራን የተገኘላት ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ያለው የክብሮም ስልክ ጥገና ሱቅ ነው፤ የሰው ስልክ ላይ የሰው ቅባት መጥረግ።

«አንድ ቦታ አለ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አለች።

«ኤምባሲያችን ውስጥ የፕሬስ ክፍል አለ። እንዳንቺ ካሜራ የሚችል ሰው ያስፈልገናል።» ሚስተር ፕሮስፐር ዶሮውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ጥሩ ዓይን አለሽ።»

ዛኔል ሩዟን በሹካ ከወዲያ ወዲህ ትገፋለች።

«ቪዲዮው ግን የለንደን ነው» አለች ሄራን።

«ደስታ አገር የለውም።»

«ሰሜኖቹ ደስ ብሏቸዋል?»

«ደስ ሊላቸው ይገባል።»

«ታዲያ ለምን እነሱ ራሳቸው አልተቀረፁም?»

ሚስተር ፕሮስፐር በትዕግሥት ፈገግ አሉ። ትዕግሥታቸው ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ጃንጥላ ነው፤ ሲፈልጉ ብቻ ይዘረጉታል። «እዚያ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው። ልጄ፣ አንዳንዴ ሥዕል ከእውነቱ ቀድሞ ይደርሳል። እውነቱ ከኋላ ይመጣል።»

«በዚያው የሳጥኖቹ መኪና ከሆነ ይዘገያል» አለች ሄራን።

ሚስተር ፕሮስፐር አፋቸውን በናፕኪን አበሱ፣ ናፕኪኑን አጠፉ፣ ያጠፉትን መልሰው አጠፉ።

«ዋናው ቪዲዮ አሁንም ስልክሽ ላይ አለ?»

«አለ።»

«ስልክ ቦታ ይሞላበታል» አሉ። «የማያስፈልግ ነገር ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው። በፕሬስ ክፍልም የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው።»

ዛኔል ደረጃው ላይ ተከትላት ወጣች። ደረጃው ምንጣፍ የለበሰ ስለሆነ ሹክሹክታ ይውጣል። የዚያ ቤት ሰዎች ቁም ነገር የሚያወሩት እዚያ ነው።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለቀልድ ነበር። አባዬ ከሰሜን የመጣ ምንም ቪዲዮ የለም ብሎ ቤቱን ቀውጢ አድርጎት ነበር፤ ስልክ በስልክ። እኔ ደግሞ ሳቅ ይበለው ብዬ አሳየሁት። አልሳቀም። ላኪልኝ አለኝ።»

«አውቶቡሱ ላይ ዋሸሽኝ።»

«አዎ፣ ዋሸሁ። ምን ልበል? አባቴ ማጭበርበሪያ አጥቶ የሰው ሰርግ ሰረቀ ልበልሽ?» ዛኔል ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። «ታውቂያለሽ፣ ያን ቀን ማታ በስልክ ለሰው ሁሉ 'ልጄ አንበሳ ናት' ሲል ነበር። እኔን። ስለ ሒሳብ ውጤቴ አንድም ቃል ሳይናገር። አባትሽ እንደዚያ ብሎሽ ያውቃል?»

ሄራን አሰበች። አባቷ በቅርቡ ያመሰገናት የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከሶፋው ሥር ያወጣችለት ጊዜ ነው።

«አያውቅም» አለች።

«ስለዚህ አጥፊው። በቃ። ከሳምንት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።» ዛኔል ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ድምጿ ግን የአባቷን ይመስላል። «ካወጣሽው ከእኔ ጋር አበቃ። ሲርየስ ነኝ፣ ሄራን። ሌላ ጓደኛ ፈልጊ።»

ሄራን ሌላ ጓደኛ የላትም። ያላት ዛኔልና ስሟን በትክክል መጥራት ያልቻሉ ሁለት የሳይንስ ክፍል ልጆች ናቸው። ወደ ቤቷ እየሄደች ስልኳን አወጣች፣ ቪዲዮው ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ የቆሻሻ ቅርጫቷ ምልክት ብቅ አለች። ጣቷን አነሳች። ደግማ አሳረፈች። የእግረኛ መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ከኋላ የመጣች ሴትዮ በሕፃን ጋሪ ገጨቻት፤ ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

እሑድ ከሰዓት እትዬ አልታየሽ መጡ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ስቶክዌል ድረስ ሲመጡ እንዲህ ተዘጋጅተው አያውቁም፤ ዝና ግን ሰው ይለውጣል። እንደ ልማዳቸው ለሄራን ጫማ ይዘውላት መጥተዋል፤ መጋዘኑ ለሠራተኛ በቅናሽ ከሚሰጠው። እንደ ልማዱም ጫማው አንድ ቁጥር ይበልጣታል።

«እግር ያድጋል» አሉ እትዬ አልታየሽ። ሄራን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ካቆመ ሰነበተ። «እስቲ አምጪው ልየው፣ ያን ነገር። ስንት ሰው አየኝ?»

«በጣም ብዙ ሰው፣ እትዬ።»

«እኮ ስንት?»

ሄራን ስልኩን አቀረበችላቸው። እትዬ አልታየሽ ቁጥሩን አዩና እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «አበስኩ ገበርኩ። የሰርጌ ቀን እንኳ ይሄን ያህል ሰው አላየኝም።» ከዚያ ወደ አበባ ዞሩ። «ሄሩ ናት የቀረፀችኝ፤ ሰምተሻል? ወልጄ ባሳድጋት እንዲህ አታሳምረኝም። ያን ዕለት እኮ አይቻታለሁ፤ ሙዙ ሥር ሆና እየሳቀች፣ ደስ ብሏት። ልጆቻችን ያፍሩብናል ይላሉ፤ ውሸት ነው።»

ሄራን ጫማውን ማየት ጀመረች። ማሰሪያው ስድስት ቦታ ይገባል፤ ሁሉንም አየቻቸው።

«ፈረንጆቹ ከሥር ምን ይላሉ? አንብቢልኝ።»

ሄራን አነበበች። መጀመሪያ ያሉት ነጭ ልብና ነጭ ባንዲራ የላኩ ናቸው። ከሥራቸው የሚሳደቡ ነበሩ። ከእነሱም ሥር አንዲት ማርሴት የምትባል ልጅ ጽፋለች፤ ፎቶዋ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች። ሄራን ወደ አማርኛ እየመለሰች ቀስ ብላ አነበበችው።

«'እኔ የሰሜን ልጅ ነኝ። ሳጥናችን ይከፈት ብለን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከወላጆቼ ጋር ተኝተናል። ማንም አልጨፈረም። እኛ ጋ ሰው ሲደሰት እንደዚህ ዓይነት ድምፅ አያወጣም፤ ሰምቼውም አላውቅ። ነጭ የለበሰችው ሴትዮ ማን ናት? የሚያውቃት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።'»

እትዬ አልታየሽ ስልኩን አስጠግተው ራሳቸውን ደግመው አዩ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ምን አሸንፈው ነው እኔ እልል ያልኩላቸው?»

ሄራን ነገረቻቸው። ስለ ሳጥኖቹ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ነጩ ቀለም። የዛኔልን ስም ዘለለችው። እትዬ አልታየሽ እየሰሙ ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ፤ ሄራን ደግሞ ስለ ፍትሕ አንድ ከባድ ንግግር ሊመጣ ነው ብላ ጠበቀች።

«እና ስሜን አልጻፉም?» አሉ እትዬ አልታየሽ።

«አልጻፉም።»

«ይሄ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ አልታየሽ ናት አላሉም? የሙሽራዋ አክስት ናት አላሉም?»

«'የሰሜን ሕዝብ' ነው ያሉት።»

«ሕዝብ።» እትዬ አልታየሽ ቃሉን በአፋቸው አላመጡት፤ አልጣማቸውም። «ሰማሽ አበባ? ሕዝብ አድርገውኝ አረፉት። እኔ ለብሩክታዊት ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል ብዬ፣ የእህቴን ልጅ ቆርጠው ጥለው፣ ለማላውቀው ሰውዬ ሰጡት።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ስሜን ይጻፉ። ያለዚያ ይመልሱልኝ።»

«እንዴት ነው እልልታ የሚመለሰው?» አለ ወንድይራድ ከሶፋው።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ስትመርጥ አይተንህ አናውቅም» አሉት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ዛኔል ከሳይንስ ክፍል ልጆች ጋር ቀድማ ሄደች። ሄራን አውቶቡሱን ተወችና ስቶክዌል ባቡር ጣቢያ በር ላይ፣ አበባ ሻጩ አጠገብ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አዲሱን ጫማ ተጫምታለች። በእርምጃዋ ሁሉ ተረከዟ ይንሸራተት ነበር።

ለማርሴት መልስ መስጫውን ከፈተች። ቪዲዮውን መረጠች። ስልኩ ከመላኩ በፊት ቪዲዮውን በቢጫ ፍሬም ከብቦ፣ የቱን ያህል ልላክልሽ ብሎ ጠየቃት። ጫፉን በጣት ሲገፉት ያጥራል። ሄራን ገፋችው። ሰሌዳው እንዲታይ፣ ቱቦውም እንዲታይ፣ ሙሽራዋም እንድትታይ፣ የራሷ ድምፅ ግን እንዲቀር። ይቻላል። ጥቂት ከፊት፣ ጥቂት ከኋላ። በጣም ቀላል ነው፤ ጣት ያለው ሁሉ ይችለዋል። ሚስተር ፕሮስፐርም የቻሉት እንዲሁ ነው።

ያጠረውን አጫወተችው። እትዬ አልታየሽ እልል ይላሉ። ወደ ካሜራው ይዞራሉ። እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ለማን እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ ማንም ያለ አይመስልም። ንጹሕ ቪዲዮ ነው። የቀረፀችው ልጅም ጨዋ ትመስላለች።

ዛኔል ነገ አጠገቧ እንደማትቀመጥ ታውቃለች። ይህንንም ሆነ ሙሉውን ብትልክ አትቀመጥም። እትዬ አልታየሽ ግን ይህን ብቻ ካዩ ዕድሜ ልካቸውን ሙዙ ሥር ሆና የሳቀችው ልጅ ደስ ብሏት ነው ይላሉ። ለሰውም ይነግራሉ። በየሰርጉ ይነግራሉ።

ሄራን ቢጫውን ጫፍ ይዛ ወደ ነበረበት መለሰችው። የፊቱንም፣ የኋላውንም። ከሥሩ ጻፈች፦ «ይህ የለንደን ሰርግ ነው፣ ከምርጫችሁ በፊት። ሴትዮዋ አልታየሽ ይባላሉ። የሙሽራዋ አክስት ናቸው። ከኋላ የምትሳደበው እኔ ነኝ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። የሚጨመርም የሚቀነስም አላገኘችበትም። ላከችው።

ከዚያ ያንኑ ለዛኔል ላከችላት፣ ከሰው እንዳትሰማው። ዛኔል ወዲያው አየችው። የምትጽፍ መሆኗን የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ እንደገና ብቅ አሉ፣ ጠፉ። ሄራን ትንሽ ጠበቀች። አበባ ሻጩ የደረቁትን አበቦች ከትኩሶቹ ጋር እየቀላቀለ ያስር ነበር። ነጥቦቹ አልተመለሱም።

ካርዷን አስነክታ ወደ ባቡሩ ከመውረዷ በፊት ደወለች፤ ከታች ስልክ ይቆራረጣል።

«እትዬ፣ ቤት ነዎት?»

«አሁን ከሥራ መግባቴ ነው። ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ልመጣ ነው። ማንም ሳያሳይዎት እኔ የማሳይዎት ነገር አለ።»

«ኤድመንተን ድረስ? ይሄን ሁሉ መንገድ?» የእትዬ አልታየሽ ድምፅ ጥርጣሬ ገባው፤ ወዲያው ደግሞ ተስፋ ተካው። «ምነው፣ ስሜን ጻፉልኝ እንዴ?»

«እነሱ አይደሉም» አለች ሄራን። «እኔ ነኝ የጻፍኩልዎት።»

«እሰይ የኔ ልጅ። በሙሉ?»

«በሙሉ» አለችና በሚንሸራተተው ጫማዋ ደረጃውን ወረደች።